ብርድ፣ የወፍ በሽታ፣ ሪፈር፦ ከሐኪም ቤትና ከመድኃኒት አዋቂ ደጅ የምንሰማቸው ቃላት

ደሴ ላይ አንዲት እናት ጤና ጣቢያ ገብተው «ምን ሆኑ?» ሲባሉ «ብርድ መታኝ» ይላሉ። ለእሳቸው ነገሩ አልቋል፤ በሽታውም መነሻውም በዚያች ቃል ውስጥ አለ። ለነርሷ ግን ገና አልተጀመረም። «ብርድ» በእኛ አፍ የወገብ ሕመም ነው፣ ቁርጥማት ነው፣ ሳልና ውጋት ነው፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ነው፤ አንዳንዴም ለማውራት የሚያሳፍር የአባላዘር በሽታ መሸፈኛ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ድረስ መዝለቁ እውነት ነው። ሽንት የሚያቃጥለው ግን ነፋስ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው።

«የት ጋ ነው የመታዎት እናቴ?»

«ወገቤን። ወደ ጎኔ ይዞ ይወጋኛል።»

«ሽንትስ ያቃጥልዎታል?»

«አዎ፤ ቶሎ ቶሎም ይለኛል።»

«ያንቀጠቅጥዎታል?»

«ትናንት ማታ ሙሉ ሌሊት።»

በሦስት ጥያቄ «ብርድ» የኩላሊት ኢንፌክሽን ጥርጣሬ ሆነ። እዚህ ላይ የሕክምና የመጀመሪያዎቹ ቃላት ይመጣሉ። በሽተኛው ራሱ የሚያውቀውና እሱ ካልተናገረ ማንም የማያገኘው ነገር ስሜት ይባላል፦ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ማቃጠል። ሌላ ሰው ሊያየው ወይም ሊለካው የሚችለው ደግሞ ምልክት ነው፦ በብብት 38 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ያበጠ እግር፣ 160 በ100 የሆነ ግፊት። ምርመራ ማለት ሁለቱን ይዞ መነሻቸውን መፈለግ ነው። ሐኪሙ በመጨረሻ ካርዱ ላይ የሚጽፈው የበሽታ ስም፣ እኛ «ምን ተገኘብኝ?» ብለን የምንጠይቀው ማለት ነው፣ ዲያግኖሲስ ይባላል። መድኃኒት የሚታዘዘው ለዚህ ስም ነው። «ብርድ» ብለው ከፋርማሲ የገዙት አንቲባዮቲክ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትን ምንም አያደርገውም፤ የቁርጥማት ማስታገሻም ኩላሊት ውስጥ የገባን ባክቴሪያ አይነካውም። እንዲያውም ዳይክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ የታመመ ኩላሊትን የባሰ ይጎዳል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቃል «የወፍ በሽታ» ነው። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ይጠቁራል፣ ምግብ ያስጠላል። ይህ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ቢጫው ቢሊሩቢን የሚባል፣ አሮጌ ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ የሚወጣ ቀለም ነው፤ ጉበት ጠርጎ ማስወጣት ሲያቅተው ደም ውስጥ ይከማቻል። ጉበትን የሚያቅተው ነገር ግን ብዙ ነው። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ የሚባሉት የጉበት ቫይረሶች በቆሸሸ ውኃና ምግብ ይገባሉ። ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ይተላለፋል። ከባድ ወባም ዓይን ያቢጫል፣ የሐሞት ጠጠርም ያቢጫል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ጉበቱን እየጎዳው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሰጡት ጤና ጣቢያ መመለስ አለበት።

የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጡ አዋቂዎች ዝና ያለ ምክንያት አልመጣም። ሄፓታይተስ ኤ አብዛኛውን ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቀዋል። ቢ እንኳ ዐዋቂ ሆኖ ከያዘው ሰው ከ100 ከ90 በላይ የሚሆነውን ያለ መድኃኒት ይተወዋል። እንግዲህ አዋቂው ለ100 ሰው ቅጠል ጨምቀው ቢሰጡ ከ90 በላይ የሚሆነው ሰው «ዳንኩ» ብሎ ይመሰክራል፤ ውኃ ቢሰጡትም ይመሰክር ነበር። ይህ በራሱ የሚያልፍ በሽታ ይባላል፤ የባሕልም የዘመናዊም መድኃኒት ስም ያለ ሥራው የሚገንበት ትልቁ በር ነው። ጉንፋን ያዘኝ ብሎ አሞክሳሲሊን የሚውጠው ሰውም በዚሁ በር ነው የሚገባው፤ ጉንፋኑ ቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊኑ አይነካውም፣ በሳምንቱ ግን ይለቀዋል፣ ምስጋናው ለካፕሱሉ ይሄዳል። ጉዳቱ በቀሩት ጥቂቶች ላይ ነው። ቢ ቫይረስ በወሊድ ጊዜ የገባባቸው ሕፃናት ግን ከ10 ወደ 9 የሚሆኑት ዕድሜ ልክ ይዘውት ይኖራሉ፤ ለዚህ ነው ክትባቱ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚመከረው። ሄፓታይተስ ኢ ነፍሰ ጡርን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት፣ ሊገድል ይችላል። ቢጫ የሆነ ሰው መቃዠት፣ ከልክ በላይ መተኛት ወይም ድዱ መድማት ከጀመረ ጉበቱ እየከዳው ነውና ቅጠል መቀያየሪያ ጊዜ የለም።

ታዲያ አንድ ቅጠል በእውነት ይሠራ እንደሆነ በምን ይታወቃል? እንበል 200 የወፍ በሽታ ሕመምተኞች አሉ። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ይወረወራል፤ ዘውድ የወጣለት ቅጠሉን ይጠጣል፣ ጎፈር የወጣለት መልኩም ምሬቱም ያንኑ የመሰለ ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት ይጠጣል። ጠጪውም ሰጪውም ማን የቱን እንደወሰደ አያውቁም። ከ2 ወር በኋላ በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 93 ቢድን ቅጠሉ ምንም አልሠራም ማለት ነው። ያ መድኃኒት የሌለበት መጠጥ ፕላሲቦ ይባላል። ፕላሲቦ ማጭበርበር አይደለም፤ ሰው ታከምኩ ብሎ ሲያምን ሕመሙና ጭንቀቱ በእርግጥ ይቀንስለታል፣ ባክቴሪያው ግን አይሞትም። «በምርምር የተረጋገጠ» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ የት እንደተረጋገጠ ይጠይቁ። በብልቃጥ ውስጥ ጀርም መግደል አንድ ነገር ነው፤ በረኪናም ይገድላል። ዳማከሴ በአይጥ ላይ ተሞክሮ ትኩሳት የመቀነስ ኃይል አሳይቷል፤ ይህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማስረጃ ነው፣ ሆኖም አይጥ ሰው አይደለችም።

«ባሕላዊ»፣ «አማራጭ» እና «ተጓዳኝ» የሚሉት ቃላት እንደ አንድ ሲነገሩ ይሰማል። ባሕላዊ ሕክምና የአንድ ሕዝብ ከአባት ከእናት የወረደ የሕክምና ዕውቀት ነው፦ ወጌሻው፣ የልምድ አዋላጇ፣ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሹ፣ ጠበሉ፣ ቡና ተፈልቶ ዱዓ የሚደረግበት ወዳጃ። አማራጭ ሕክምና ማለት ግን ከሐኪም ቤቱ ሕክምና ይልቅ፣ በምትኩ የሚወሰድ ነው። ተጓዳኝ ደግሞ ከሐኪሙ ሕክምና ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች እየተነጋገሩ በአንድ ዕቅድ ሲያክሙ የተቀናጀ ሕክምና ይባላል። ልብ በሉ፦ ስሙን የሚያወጣለት ነገሩ ሳይሆን አወሳሰዱ ነው። ያው ጠበል፣ በሽተኛው ክኒኑን እየዋጠ ሲጠመቅ ተጓዳኝ ነው፤ ክኒኑን ጥሎ ሲጠመቅ አማራጭ ይሆናል። የሚገድለውም ይኸው ልዩነት ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ የተናገሩት ለዚህ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው 6 ወር ነው፦ 2 ወር በአራት ዓይነት፣ 4 ወር በሁለት ዓይነት መድኃኒት። ሳሉ ጋብ የሚለው ግን በጥቂት ሳምንት ነው፤ ሰው ተሻለኝ ብሎ መድኃኒቱን ትቶ ጠበል የሚሰነብተው እዚህ ላይ ነው፣ ያልሞቱት ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን የሚለምዱት እዚህ ላይ። መሰንበት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ለጤና ጣቢያው ተናግሮ ክኒኑን ይያዝ ወይም በጠበሉ አቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ዝውውር ይጻፍለት። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ የማያባራ መጣል ሊያመጣ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይበላ ረጅም ሰዓት ከቆየ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ረመዳን የሚጾም የስኳር ሕመምተኛም ወሩ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ቢያስተካክል ነው የሚበጀው።

ወደ ቅጠሉ እንመለስ። ዕፅዋት ይሠራሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ቆቦና ባቲ ላይ ለወባ የሚታደለው ኮአርተም ካሉበት ሁለት መድኃኒቶች የአንዱ መነሻ የቻይና አርጢሚስያ ቅጠል ነው፤ ያን መነሻ ከቅጠሉ ያወጡት ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። ከቅጠሉ ወደ ክኒኑ ሲመጣ የተለወጠው ዋናው ነገር መጠኑ መታወቁ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ቅመም ንጥረ ነገር ይባላል፤ አንድ ጊዜ የሚወሰደው ልክ ደግሞ ዶዝ። አንድ የተለመደው የኮአርተም ፍሬ 20 ሚሊ ግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊ ግራም ሉሜፋንትሪን አለበት፤ የትም ቢገዛ ያው ነው። የአንድ እፍኝ ሥር ኃይል ግን በተነቀለበት ወር፣ በአፈሩ፣ በደረቀበት ሁኔታ፣ በቀማሚው እፍኝ ስፋት ይለዋወጣል። «መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉ ያልቃል» የሚለው ልማድ ችግሩን ያብሰዋል፤ የተመረዘ ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ ምን እንደጠጣ የሚነግር አይገኝም።

ኮሶን ተመልከቱ። የዛፉ ቀይ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ አድሮ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ትሉን ያወጣል፣ ጠጪውንም ያንገላታል። ሲበዛ የሚመጣው ግን ማስመለስና ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት የደረሰበት ጊዜ አለ። ሌላው ችግር ጭንቅላቱ ነው። ኮሶ ትል በጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ሲሆን የዱባ ፍሬ የመሰሉ ነጭ ቁራጮች ይጥላል። ሜትሮች የሚሆን ትል ወጥቶ ጭንቅላቱ ከቀረ በ2 ወይም 3 ወር ውስጥ እንደገና ያድጋል። ድሮ በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ልማድ የሆነው ጥሬ ሥጋው ስላልቆመ ብቻ አይደለም። ዛሬ ለአዋቂ 2 ግራም ኒክሎሳማይድ ወይም በክብደት የተለካ ፕራዚኳንትል አንድ ጊዜ ተውጦ ይበቃል። እዚህም ቃሉ ወሳኝ ነው፤ «ሆዴ ውስጥ ትል አለ» ብሎ ለወስፋት የሚሰጠውን 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል አንድ ጊዜ የወሰደ ሰው ኮሶው ላይለቀው ይችላል።

እንዶድ ደግሞ ሌላውን ፊት ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያ የሚባለው ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ ተሸካሚ ስለሆነ ግኝቱ ትልቅ ነበር። ይህ ማለት ግን እንዶድ ወንዙን ያክማል ማለት እንጂ ሰውን ያክማል ማለት አይደለም። በሐይቅ ከተማ ወይም በከሚሴ በኩል ውኃ ውስጥ ቆይቶ ሰገራው ደም የቀላቀለ ሰው እንዶድ ቢጠጣ ይመረዛል፤ ለእሱ መድኃኒቱ ፕራዚኳንትል ነው። ጤና አዳምም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ መዓዛ ነው፤ ጭማቂው በብዛት ሲጠጣ ማሕፀን ያኮማትራል፣ ነፍሰ ጡር ልትርቀው ይገባል፣ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታውም ያቆስላል። ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ለማንም አያሰጋም። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ግን ጥሬውን በየቀኑ በብዛት ቢበላ ሊደማ ይችላል፤ ይህ የመድኃኒቶች መጋጨት ይባላል።

ወጌሻ ጋ ከመሄድ በፊት ሦስት ቃላት ይለዩ። ወለምታ የመገጣጠሚያ ጅማት መለጠጥ ነው፤ አጥንቱ ደህና ነው። ውልቃት አጥንቱ ከመገጣጠሚያው መውጣቱ ነው። ስብራት አጥንቱ ራሱ መሰንጠቁ ነው። ያበጠ ቁርጭምጭሚት ላይ ሦስቱን በእጅ ዳሰሳ መለየት ለአጥንት ሐኪምም ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ራጅ ያለው። ወጌሻ ወለምታን ቢያሽ ብዙ አይጎዳም። ያልታወቀ ስብራትን ማሸት ግን ሹል አጥንት በደም ሥርና በነርቭ ላይ መጎተት ነው። በተለይ የልጅ ክርን አካባቢ የተሰበረ እንደሆነ ዋናው የደም ሥር አጠገቡ ስለሚያልፍ ለወጌሻ አይሰጥም። አጥንት ቆዳ ቀዶ የወጣበትም እንዲሁ።

ብዙ እጅና እግር የሚቆረጠው ግን በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ነው። ቀርከሃው ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ የተሰበረ ቦታ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ያብጣል። ማሰሪያው አይሰፋም፣ እብጠቱም መሄጃ የለውም፤ መጀመሪያ ደም ሥር ይታፈናል፣ ከዚያ ጡንቻ ይሞታል። ደም ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ ጡንቻ ለመሞት 6 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ የታሰረን ልጅ በየሰዓቱ ይዩት። ጥፍሩን እስኪነጣ ተጭነው ይልቀቁ፤ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ካልቀላ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም። ጣቶቹ ከሌላው እጅ ይልቅ ቀዝቅዘዋል? ይደነዝዘዋል? ጣቱን ቀስ አድርገው ሲዘረጉት ይጮኻል? ሕመሙ ከታሰረ በኋላ መቀነስ ሲገባው እየባሰ ከሄደ ያ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። «ሲጠብቅ ነው የሚገጥመው» የሚለውን አይስሙ። ማሰሪያውን በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ ይቁረጡና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ጣቱ ከጠቆረ በኋላ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ነው።

ከውጭ የመጡትን ቃላት በአጭሩ። ሆሚዮፓቲ ሳሙኤል ሃነማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያወጣው ነው፤ «30ሲ» የሚል ጽሑፍ ካለበት አንዱ እጅ በ99 እጅ ውኃ ወይም አልኮል 30 ጊዜ ተደጋግሞ ቀጥኗል ማለት ነው። ከ12ኛው ማቅጠን በኋላ ከመነሻው አንዲት ቅንጣት መገኘቷ እንኳ ያጠራጥራል። አኩፓንክቸር የቻይናው መርፌ ነው፤ ለአንዳንድ ሥር የሰደደ ሕመም የሚያግዝበት ጊዜ አለ። ዋግምት፣ ሙስሊሙ ወገናችን ሂጃማ የሚለው፣ ቆዳን በጥቶ ደም መሳብ ነው፤ የሚያስተላልፈው አደጋ በምላጩ ነውና ከማሸጊያው ፊትዎ ያልወጣ ምላጭ አይንካዎት፤ ሄፓታይተስ ቢ ለዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። «ዲቶክስ» የሚባለው የማስታወቂያ ቃል ነው፤ ያን ሥራ ጉበትና ኩላሊት በነፃ ይሠሩታል። ሰፕሊመንት ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ በሕግ ምግብ ማሟያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ለቁርጥማት «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ በተለያዩ አገሮች ሲመረመሩ ዴክሳሜታዞን የሚባል ኃይለኛ የፋብሪካ መድኃኒት ተገኝቶባቸዋል። በ2 ቀን ሕመምን ያጠፋል፤ ለወራት ከወሰዱት ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ያወጣል፣ በድንገት ካቆሙት ደግሞ ራስ ያስታል። ቁርጥማትን በአንድ ቀን ያጠፋ ቅጠል ካጋጠመዎት ይጠርጥሩት።

የሐኪም ቤቱ ቋንቋም ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው። አጣዳፊ ማለት ድንገት የመጣ እንጂ የግድ ከባድ አይደለም፤ ሥር የሰደደ ማለትም የማይድን ማለት ሳይሆን የቆየ ማለት ነው። ማዳን፣ ማስታገስና መቆጣጠር ሦስት ናቸው። ወባ ይድናል፤ ፓራሲታሞል ያስታግሳል፤ ደም ግፊትና ስኳር ይቆጣጠሩታል። ግፊቱ 130 በ80 የወረደለት ሰው «ለቆኛል» ብሎ ክኒኑን ያቆማል። የወረደው ክኒኑ ይዞት ነው። «በቀን 3 ጊዜ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ በየ8 ሰዓቱ ነው፦ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4። ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ማለት ላይሆን ይችላልና ሲሰጡዎት ይጠይቁ። ኮአርተም 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ በጠቅላላ 24 ፍሬ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ8 ሰዓት ይከተላል፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ ሰውነት በደንብ አይስበውም።

ሪፈር ደግሞ ወደ ከፍ ያለ ሕክምና ቤት መላክ ነው እንጂ ጤና ጣቢያው አቅቶት አባረረን ማለት አይደለም። አሠራሩ ደረጃ አለው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፤ ከዚያ አጠቃላይና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይከተላል። በእኛ በኩል ለቆዳ በሽታና ለሥጋ ደዌ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ለከባዱ ሁሉ ደሴ ሆስፒታል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር ያለው ሰው የሪፈር ወረቀቱን ሳይዝ በቀጥታ ደሴ ቢሄድ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። በአማራ ክልል መድኑ በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ስለነበር በዚያ በኩል ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው። አንድ ነገር ግን ደረጃ አይጠብቅም፦ የውሻ ንክሻ። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት መሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን የለም፤ ቅጠልም ሆስፒታልም። የቅጠሉ ስም የሚቆየው የተነከሰ ሁሉ ስለማይታመምና የታመመውም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነ ነው።

ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ሲል አብዛኛው ሰው «ኧረ የለም» ይላል፤ ቁጣ ፈርቶ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ በእርግጥ ይቆጣል፤ ስሕተቱ የእሱ ነው። ትክክለኛው መልስ ግን ይህን ይመስላል፦ «ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ አንድ ሲኒ የጤና አዳም ጭማቂ፤ 2 ሳምንት ሆኖኛል። ከትናንት ወዲያ ማታ ደግሞ ስሙን የማላውቀው ዱቄት በማር አንድ ማንኪያ ቅሜያለሁ። ይኸው ቀሪው፣ በላስቲክ ይዤዋለሁ።»